0.87 ምን ማለት ነው? የጣና እምቦጭ ትንበያ ፋይሎችና አነባበባቸው

እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የአረሙ ስፋት ስንት ሄክታር ነው የሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ አግኝቶ አያውቅም። የተለያዩ አካላት የሚያወጧቸው አሃዞች ይራራቃሉ፤ ሰሚውም ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው አንዱ አጋንኗል፣ ሌላው ሸሽጓል በማለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የግምቱ ምንጭ እየተለወጠ መጥቷል። በጀልባ እየዞሩ በዓይን መገመትና የአረሙን ዳር በጂፒኤስ መያዝ ባይቀርም፣ የሳተላይት ምስልን ለማሽን ለርኒንግ ሞዴል (ከምሳሌዎች ለሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሰጥቶ የት የት እምቦጭ እንዳለ ማስለየት የተለመደ የጥናት መንገድ ሆኗል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ውጤት ባሕር ዳር ባለ አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ቀለም የተቀባ ካርታ ሆኖ ላይመጣ ይችላል፤ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ፣ ማብራሪያው አጭር የሆነ ፋይል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ፋይል እንዴት እንደሚነበብ ነው፤ የአሃዞቹ መራራቅ ቀላል የማይባል ክፍል የሚመነጨውም ከሞዴሉ ድክመት ይልቅ ከአነባበቡ ነው የሚል እምነት አለኝ።

በፋይሉ ውስጥ አንድ ረድፍ አንድ ፒክሰልን፣ ማለትም የምስሉን አንዲት ትንሽ ካሬ፣ ይወክላል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል በዋና ዋናዎቹ የብርሃን ክልሎች የአንድ ፒክሰል ጎን 10 ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ረድፍ 100 ካሬ ሜትር ውኃ ወይም ዳርቻ ማለት ነው። ጣና በግርድፉ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል ብንል መላው ሐይቅ 30 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። በየረድፉ የቦታው መጋጠሚያ፣ ምስሉ የተነሳበት ቀን፣ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ አንድ ቁጥር፣ ከዚያም ምድቡ፣ ማለትም «እምቦጭ» ወይም «እምቦጭ ያልሆነ» የሚለው ይሰፍራል። ጥሩ ፋይል ደግሞ የምስሉን ጥራት የሚናገርና የሞዴሉን ስሪት የሚጠቅስ ዓምድ ይጨምራል።

ስለ መክፈቻው አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እንዲህ ያለውን ፋይል በኤክሴል የሚከፍት ሰው ሙሉውን አያየውም፤ የኤክሴል አንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነውና። ይህ ከ30 ሚሊዮኑ 3.5 በመቶ ያህል ነው። ከሳተላይት ምስል የተገለበጠ ሰንጠረዥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ደቡብ ስለሚጻፍ፣ በማያው ላይ የሚቀረው የጎርጎራና የደምቢያ ወገን ይሆናል፤ ባሕር ዳር ያለበት ደቡባዊ ዳር ጭራሽ አይገባም። አረሙ በብዛት የሚታወቀው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ፣ ከዚህ ቁራጭ ላይ መቶኛ አስልቶ ለመላው ሐይቅ የሚያውል ሰው ሐይቁን በእምቦጭ ሸፍኖ ያድራል። ፕሮግራሙ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አልተጫነም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ሳያነቡ የሚዘጉት ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአንድ ረድፍ ላይ 0.87 የሚል ሰፍሯል እንበል። ይህን የሚያነብ ሰው በቅድሚያ ሁለት ነገር ይመጣበታል፤ አንዱ «ከ100 ካሬ ሜትሩ 87ቱን አረም ሸፍኖታል» የሚል ነው፣ ሁለተኛው «በዚህ ቦታ እምቦጭ የመኖሩ ዕድል 87 በመቶ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው፣ ሞዴሉ ሽፋንን እንዲገምት ተብሎ ካልተሠራ በቀር፣ ስህተት ነው። ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ መሆኑ ግን መረጋገጥ አለበት። ራንደም ፎረስት በሚባለው ዘዴ የተሠራ ሞዴል ብዙ የውሳኔ ዛፎችን (በተከታታይ ጥያቄዎች እየለዩ ለየብቻቸው የሚወስኑ ስሌቶችን) ይዞ እያንዳንዱን ያስመርጣል፤ 0.87 ማለት፣ በግርድፉ፣ ከ100 ዛፎች 87ቱ «እምቦጭ ነው» አሉ ማለት ነው። ዛፎቹ ሁሉ የተማሩት ከአንድ ምንጭ ስለሆነ ሁሉም ባንድነት ሊሳሳቱ ይችላሉ። ኒውራል ኔትወርክ በሚባለው ሌላ ዘዴ የተሠራው ሞዴል ደግሞ ቁጥሩን የሚያወጣው የውስጥ ነጥቦቹን ድምራቸው 1 እንዲሆን በሚያደርግ ቀመር ነው፤ በዚህ ወገን ያሉ ሞዴሎች ከሚገባቸው በላይ እርግጠኛ ሆነው መታየታቸው በሙያው ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው።

ቁጥሩ እንደ ዕድል መነበብ ይችል እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ አለ፤ የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያዎች ከሁሉ ቀድመው ተጠቅመውበታል። ግሌን ብራየር የተባለው አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው መለኪያ፣ ትንበያው የተናገረው ዕድልና በኋላ የሆነው ነገር ልዩነታቸው በራሱ እየተባዛ ይደመርና አማካዩ ይወሰዳል፤ አነስ ያለው ውጤት የተሻለው ነው። ለእምቦጭ ሲሆን ደግሞ በአይን የሚታይ አሠራር ይቻላል። ሞዴሉ ከ0.8 እስከ 0.9 የሰጣቸውን ፒክሰሎች ብቻ ለይቶ፣ ከእነሱ ውስጥ በዕጣ 100 መርጦ፣ በጀልባ ሄዶ ማየት ነው። ከመቶው 85 ገደማ ላይ እምቦጭ ከተገኘ ቁጥሩ ዕድል ነው። 50ው ላይ ብቻ ከተገኘ፣ 0.87 የሚያገለግለው የቱ ቦታ ከየቱ ይበልጥ አጠራጣሪ ነው ብሎ ለመደርደር እንጂ ለሌላ አይደለም። መደርደርም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ጀልባ አንድ ብቻ ሲሆን በየት እንደሚጀመር ይናገራል። በመደርደሪያ ቁጥር ሄክታር ማስላት ግን አይቻልም።

ቀጥሎ ያለው የምድብ ዓምድ ለዓይን ይቀልላል፤ «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ነውና። ይህ ዓምድ ግን የሞዴሉ አይደለም፤ ከቁጥሩ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም መቁረጫ፣ ማለትም ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ «አዎ» የሚባልበትን ወሰን፣ አስቀምጦ የፈጠረው ነው። መቁረጫው ብዙ ጊዜ 0.5 ይሆናል፤ ለምን 0.5 እንደሆነ ግን በአብዛኛው ማንም አስቦበት አይደለም፣ ሶፍትዌሩ ሲመጣ ይዞት ስለመጣ ነው። መቁረጫ መወሰን ያለበት ስህተቱ በሚያስከትለው ኪሳራ ነው። ቁጥሩ በትክክል ዕድልን የሚናገር ከሆነ፣ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በከንቱ የመሄድን ኪሳራ፣ በከንቱ የመሄድና አረሙን የመሳት ኪሳራ ድምር ለሆነው ማካፈል ነው። ጀልባና ነዳጅ አውጥቶ ባዶ ውኃ ላይ መድረስ 1 ኪሳራ ቢሆንና አዲስ የበቀለን ትንሽ እምቦጭ መሳት 9 ቢሆን፣ መቁረጫው 1 ለ10፣ ማለትም 0.1 ይሆናል። እምቦጭ ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ስፋቱን በእጥፍ ማሳደግ የሚችል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ የሚቆይ አረም ስለሆነ፣ ገና ያልተወረረ ዳርቻን ለሚጠብቅ ሰው ዝቅተኛ መቁረጫ ያዋጣል። በአንጻሩ ውድ የሆነውን የማጨጃ ማሽን የት እናሰማራ ለሚለው ውሳኔ ከፍ ያለ መቁረጫ ይመረጣል። ስለዚህ አንዱ ፋይል ለሁለት ሥራ ሁለት የተለያየ ካርታ ሊወጣው ይገባል፤ ሁለቱ ካርታዎች መለያየታቸውም ተቃርኖ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ግን ትልቁ የንባብ ስህተት የሚፈጠረው በመደመር ላይ ነው። በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ እንጂ የማንም ጥናት ውጤት አይደሉም። ከሐይቁ 1 በመቶው፣ ማለትም 300,000 ፒክሰል ወይም 3,000 ሄክታር፣ በእርግጥ በእምቦጭ ተሸፍኗል እንበል። ሞዴላችን ጎበዝ ነው፤ እምቦጭ ካለበት ቦታ 90 በመቶውን ያገኛል፣ ከሌለበት ቦታ ደግሞ 95 በመቶውን በትክክል «የለም» ይላል። ከ300,000ው 270,000ውን አገኘ። እምቦጭ የሌለባቸው 29,700,000 ፒክሰሎች ናቸው፤ ከእነዚህ 5 በመቶውን በስህተት «እምቦጭ» ካለ፣ ይህ 1,485,000 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,755,000 ፒክሰል፣ በሄክታር 17,550 ነው። በምድብ ዓምዱ ላይ «አዎ» የሚሉትን ቆጥሮ ሪፖርት የሚያደርግ ባለሙያ እንግዲህ እውነተኛውን ስፋት ስድስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ በቀረው መጠን አብዝቶ ይናገራል። «እምቦጭ» ከተባሉት ፒክሰሎች ውስጥ በእርግጥ እምቦጭ የሆኑት 15 በመቶ ብቻ ናቸው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ማንም አልዋሸም፤ ሞዴሉም ደካማ አልነበረም። ይልቁንም ከፋይሉ ጋር በሚላከው አጭር መግለጫ ላይ «አጠቃላይ ትክክለኝነት 95 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት አይሆንም፤ በትክክል የተመደቡት 28,485,000 ፒክሰሎች ከ30 ሚሊዮኑ 94.95 በመቶ ናቸውና። ሆኖም ምንም ሳያይ ለሁሉም ረድፍ «እምቦጭ የለም» የሚል ሞዴል ቢቀርብ ትክክለኝነቱ 99 በመቶ ይሆናል። አንድም አረም ያላገኘው ሞዴል ከጎበዙ ሞዴል የሚበልጥበት መለኪያ ለዚህ ሥራ የሚበጅ መለኪያ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የሚፈለገው ነገር ከማይፈለገው እጅግ ሲያንስ ነው፤ ሰፊው ንጹሕ ውኃ ላይ የተሠራ ጥቂት በመቶ ስህተት ትንሹን እውነት ይውጠዋል። ለማንኛውም ብርቅ ነገር፣ ለወባ ወረርሽኝ ትንበያም ይሁን ለጎርፍ፣ ይኸው ይሠራል። ስለዚህ ፋይል ሲመጣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ሁለት ቁጥር ነው፤ እምቦጭ ካለበት ስንቱን አገኘ የሚለውና «እምቦጭ» ካለው ውስጥ ስንቱ እምቦጭ ሆኖ ተገኘ የሚለው። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሪፖርቱ ውስጥ ይጠፋል፤ ሲኖርም በቁጥር እኩል አረምና ውኃ ተመርጦ በተዘጋጀ የመፈተኛ ናሙና ላይ የተሰላ ሆኖ ይገኛል፣ ያም ከሐይቁ እውነታ ጋር አይገናኝም።

ጥሩው ዜና የሁለቱ ስህተቶች መጠን ከታወቀ ድምሩን ማረም መቻሉ ነው። ሮጋንና ግላደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ለበሽታ ምርመራ ያቀረቡት ቀመር እዚህም ያገለግላል። በፋይሉ መሠረት ከሐይቁ 5.85 በመቶው እምቦጭ ነው። ከዚህ ላይ የሐሰት ማንቂያውን 5 በመቶ ስንቀንስ 0.85 በመቶ ይቀራል፤ ይህን ለ0.85 ስናካፍል (0.90 ሲደመር 0.95፣ ሲቀነስ 1) 1 በመቶ እናገኛለን፤ ማለትም የጀመርንበትን 3,000 ሄክታር። ሳይታረም 17,550፣ ሲታረም 3,000። እርማቱ ግን ሞዴሉ በየቦታው እኩል ይሳሳታል ብሎ ያምናል፤ ጣና ላይ ደግሞ ይህ እምነት ብዙም አያዛልቅም።

ሞዴሉ የሚያየው የብርሃን ነጸብራቅን እንጂ አረሙን አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ለዓይን የማይታየውን ከቀይ ማዶ ያለውን ብርሃን በብዛት ይመልሳል፤ ጥልቅና ንጹሕ ውኃ ደግሞ ሁለቱንም እምብዛም አይመልስም። ስለዚህ በሐይቁ መካከል ስህተቱ አነስተኛ ነው፤ የሚበዛው በዳርቻው ነው። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውኃ ላይ የቆመ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ወቅቱም ዝናብ ካቆመ በኋላ እምቦጩ ከሚፋፋበት ከጥቅምትና ከኅዳር ጋር ስለሚገጥም፣ ለሞዴሉ እምቦጭን ይመስላል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንዲሁ ነው። በባሕር ዳር በኩል ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ የሚያፋፋው አልጌ ለሌላ መሳሳት ይዳርጋል። የሐይቁ ወሰን በአንድ ቋሚ መስመር ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የጣና ውኃ ከክረምቱ ማብቂያ ከፍታው ተነስቶ እስከ ግንቦት እየቀነሰ ሲሄድ ገበሬዎች የሚዘሩበት የባሕር ሸሽ መሬት ይወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ያ መሬት አሁንም «ሐይቅ» ነው፣ በላዩ የበቀለው ሰብልም «እምቦጭ»። የርብና የጉማራ ወንዞች መግቢያ አካባቢ ያለው ስህተት ከጎርጎራ ስህተት ጋር አንድ ስላልሆነ፣ እርማቱ ለየክፍሉ ለየብቻ መሠራት ይኖርበታል።

ደመና ሌላ ጉዳይ ነው። ሴንቲኔል-2 ደመናን አልፎ አያይም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሐይቁ ሰፊ ክፍል በየምስሉ ሊሸፈን ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ያልታየ ቦታ የሚመዘገብበት መንገድ እንደ አዘጋጁ ይለያያል። አንዳንዱ ባዶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ -9999 ይጽፍበታል፣ ቦታ ለመቆጠብ ከ0 እስከ 255 በሆኑ ቁጥሮች የተጻፈ ፋይል ደግሞ 255ን ለዚህ ይመድባል። -9999 ለአንባቢው ደግ ነው፤ 100 ፒክሰል ባለበት አንድ ወሰን ውስጥ 99ኙ 0.5 ቢሆኑና አንዱ -9999 ቢሆን አማካዩ -99.5 ስለሚወጣ፣ ነገሩ እንደተበላሸ ወዲያው ይታያል። 255 ግን ከፍተኛው ነጥብ መስሎ ያልፋል። ከሁሉ የከፋው ያልታየውን በ0 መሙላት ነው፤ ደመና ያረፈበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ውኃ ይሆናል። በሰኔ 2,000 ሄክታር ተብሎ በነሐሴ 1,000 ሄክታር የሚል ሪፖርት ሲወጣ፣ አረሙ ቀነሰ ብሎ ከመደሰት በፊት በነሐሴው ምስል ከሐይቁ ስንት በመቶው እንደታየ መጠየቅ ይገባል። ደመናን አልፈው የሚያዩት እንደ ሴንቲኔል-1 ያሉ የራዳር ሳተላይቶች ክፍተቱን ይሞላሉ፤ እነሱ ግን የሚለኩት የገጽታን ሸካራነት ስለሆነ በነፋስ የተናወጠ ውኃ ሊያሳስታቸው ይችላል።

የቀን ዓምድ በእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው፤ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ስለዚህ አያነሱም። የመስክ ባለሙያ በጥቅምት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየውን እምቦጭ በቅጹ ላይ «2016-02-10» ብሎ ከመዘገበ፣ ኮምፒውተሩ ይህን እ.ኤ.አ. የካቲት ወር 2016 አድርጎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ግን ጥቅምት 21 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው። የመስክ መረጃውን ከሳተላይት ምስል ጋር የሚያጣምረው ፕሮግራም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ የበጋ ምስል ይመርጣል፤ ስህተት መሆኑንም አይናገርም። ጳጉሜን ቢያንስ ያጋልጣል፤ «2015-13-06» ብሎ የሚጻፍ ቀን ለኮምፒውተሩ 13ኛ ወር ስለሌለው ባዶ ሆኖ ይቀራል። በሰዓትም ያው ነው። ሳተላይቱ በጣና ላይ ሲያልፍ በፋይሉ ስም ላይ የሚጻፈው ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ወደ 08:00 የሚጠጋ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር ወደ 11፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ለእምቦጭ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ አረሙ ተንሳፋፊ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ተጠራቅሞ ከዳር ወደ ዳር ይሄዳል። ሳተላይቱ ረፋድ ላይ ያየውን ምንጣፍ የሚያህል አረም በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄዶ ያጣ ሰው ሞዴሉን ሐሰተኛ ብሎ መዝግቦ ይመለሳል፤ ያ ምዝገባ ደግሞ ለቀጣዩ ሞዴል ማስተማሪያ ይሆናል።

በመጋጠሚያዎቹ ላይ ባጭሩ፦ የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመጋጠሚያ መለኪያ መነሻ ነው፤ ሳተላይቶችና ስልኮች የሚጠቀሙት ግን ዓለም አቀፉን የ1984ን መነሻ ነው። ሁለቱም ዞን 37 (ጣና የሚገኝበት የካርታ ክፍል) ተብለው ቢጻፉም ቁጥራቸው አንድ ቦታን አያመለክትም፤ ልዩነቱ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። በ10 ሜትር ፒክሰል ይህ ከ10 ፒክሰል በላይ ነው፤ የዳርቻ እምቦጭን ወስዶ ሜዳ ላይ ያስቀምጣል።

ከፋይሉ ጋር የሚመጣው የሞዴል መፈተኛ ውጤትም በጥርጣሬ ሊነበብ ይገባዋል። አንድ የእምቦጭ ክምር በሺህ የሚቆጠሩ ጎረቤት ፒክሰሎችን ሊይዝ ይችላል። ናሙናዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ገሚሱ ለማስተማሪያ፣ ገሚሱ ለመፈተኛ ከዋለ፣ የአንዱ ክምር አካል በሁለቱም ወገን ይገባል፤ ሞዴሉ የሚፈተነውም አስቀድሞ ባየው ነገር ላይ ይሆናል። ውጤቱ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ አዲስ ቦታ ሲሄድ ግን ይወርዳል። የሚያስተማምነው ፈተና በአካባቢ የተከፈለ ነው፤ ለምሳሌ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዳርቻ አስተምሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ መፈተን። በአንድ ኅዳር የተማረ ሞዴል በሚያዝያ ምን እንደሚሆንም እንዲሁ መታየት አለበት፤ በበጋ ማብቂያ የሚደርቀው እምቦጭ ቀለሙ ሌላ ነው።

አንዳንድ ፋይሎች የትኛው የብርሃን ክልል ወይም የትኛው ተጨማሪ መረጃ ለውሳኔው ብዙ አስተዋጽዖ እንዳደረገ የሚናገር ዓምድ ይይዛሉ። ከወንዝ መግቢያ ያለው ርቀት በዚያ ዓምድ ከፍተኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ወንዙ ደለልና ማዳበሪያ ስላመጣ እምቦጭ በቀለ ማለት አይደለም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዓምዱ ግን የሚናገረው ሞዴሉ በምን ላይ እንደተደገፈ ብቻ ነው። ናሙና ሰብሳቢዎች በብዛት የሄዱት ወደ ወንዝ መግቢያ ቢሆን ያው ቁጥር ይወጣ ነበር።

እንግዲህ 17,550 ሄክታር የሚል ፋይል በእጁ የገባ ባለሙያ ምን ያድርግ? በእኔ ግምት ሞዴሉን እንደገና ከማሠልጠን ይልቅ ጀልባ ይዞ ናሙና መፈተሽ ይቀድማል። «እምቦጭ» ከተባሉት ውስጥ በዕጣ 100 ነጥብ ተመርጦ፣ ምስሉ በተነሳ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ታይቶ፣ 15ቱ ብቻ እምቦጭ ቢሆኑ፣ እውነተኛው መጠን በ95 በመቶ መተማመን በግርድፉ ከ8 እስከ 22 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። ከ17,550 ሄክታር ይህ ከ1,400 እስከ 3,900 ሄክታር ይሆናል። ሰፊ ነው፤ 400 ነጥብ ቢታይ ስፋቱ በግማሽ ይጠባል። በሪፖርት ላይ መውጣት ያለበትም ይህ ከ እስከ ያለው አሃዝ ነው፤ ከእሱ ጋር የምስሉ ቀን፣ ከሐይቁ የታየው መቶኛና የተወሰደው መቁረጫ ተያይዞ።

«የለም» የተባለው ወገን ግን በዚሁ መንገድ አይፈተሽም። በምሳሌያችን ሞዴሉ የሳተው 30,000 ፒክሰል፣ ማለትም 300 ሄክታር፣ የተበተነው «የለም» በተባሉ 28,245,000 ፒክሰሎች ውስጥ ነው፤ ከ900 በላይ ነጥብ ሳይታይ አንድ የተሳተ እምቦጭ ላይገኝ ይችላል። በዕጣ 100 ነጥብ አይቶ አንድም ያጣ ሰው «ሞዴሉ አንድም አልሳተም» ቢል ማስረጃው አይበቃውም። ስለዚህ ፍለጋው ጠበብ ማለት አለበት፤ ከዳርቻ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉና ከ0.1 እስከ 0.5 የተሰጣቸው ፒክሰሎች ለብቻቸው ይወጣሉ፣ ናሙናውም በብዛት ከእነሱ ይወሰዳል፣ ሲደመር ግን እያንዳንዱ ወገን በስፋቱ መጠን ይመዘናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የቁጥር ዓምዱ ስለሆነ፣ ምድቡን ብቻ ይዞ የመጣ ፋይል ለላከው አካል ተመልሶ ሙሉው እንዲላክ መጠየቅ አለበት።